ሆርዩጂን አስተውሎ መጎብኘት፦ የዓለምን ጥንታዊ የእንጨት ሕንፃዎች ለማየት የሚረዳ መመሪያ

በጃፓን ናራ አውራጃ፣ ኢካሩጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆመው የኖሩ የእንጨት ሕንፃዎች አሉ። ስፍራው ሆርዩጂ የተባለው የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ነው። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው። ወደ ናራ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በመናፈሻው አጋዘኖቹን መግቦ፣ ትልቁን የነሐስ ቡድሃ አይቶ ይመለሳል። ሆርዩጂ የሚደርሰውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ዞሮት ይወጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ለሚበልጥ ጉብኝት ነው። ቢያንስ ግማሽ ቀን ይስጡት። ሐውልቶቹ ድንቅ ናቸው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ እንዲያዩልኝ የምፈልገው እንጨቱን ነው። ቤተ መቅደሱ እንዴት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተፈታ፣ የት የት እንደተጠገነ በምሰሶዎቹና በጣሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከታች ያሉት ምክሮች ያንን ጽሑፍ የት እንደሚፈልጉት የሚያሳዩ ናቸው።

ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ በሩ ላይ 8:00 የሚል ካዩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው።

1. ከመሄድዎ በፊት ታሪኩን ይያዙ

ብዙ ማንበብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ግን ጉብኝቱን ይለውጠዋል። ቤተ መቅደሱን በ607 ያቆሙት ንግሥት ሱይኮና ልዑል ሾቶኩ እንደሆኑ ይነገራል። የንግሥቲቱ ወንድም፣ የልዑሉ አባት የሆነው ንጉሠ ነገሥት ዮሜይ ታሞ ሳለ ቤተ መቅደስ ለማሠራት ተስሎ ነበር፤ ስእለቱን ሳይፈጽም በ587 ሞተ። እኅቱና ልጁ ያንን ስእለት ፈጸሙለት።

የጃፓን ጥንታዊ ዜና መዋዕል በ670 ቤተ መቅደሱ አንድም ሕንፃ ሳይቀር መቃጠሉን ይመዘግባል። ዛሬ የምናያቸው ሕንፃዎች ከዚያ ቃጠሎ የተረፉ ናቸው ወይስ በኋላ የተሠሩ በሚለው ላይ የጃፓን ሊቃውንት ለአሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። በ1939 በግቢው ደቡብ ምሥራቅ በኩል በተደረገ ቁፋሮ የቀድሞው ቤተ መቅደስ መሠረት ተገኘ፤ አቀማመጡም አሁን ካለው የተለየ ነበር። ስለዚህ የምናየው ሁለተኛው ግንባታ ነው። እስከ 711 ገደማ እንደተጠናቀቀ ይታመናል። ሁለተኛው ቢሆንም በዓለም ላይ የሚቀድመው የለም።

አንድ ያልተፈታ ጥያቄም አለ። የፓጎዳው፣ ማለት የባለ ብዙ ጣሪያው ማማ፣ መካከለኛ ምሰሶ ከየትኛው ዘመን ዛፍ እንደመጣ በዓመት ቀለበቶቹ ሲመረመር ዛፉ የተቆረጠው በ594 እንደሆነ ታወቀ። የዋናው አዳራሽ እንጨት ግን የ660ዎቹ መጨረሻ ነው። ምሰሶው ለረጅም ዘመን ተቀምጦ ኖሯል? ወይስ ከሌላ ሕንፃ ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው? ክርክሩ አላለቀም። ፓጎዳው ፊት ሲቆሙ ይህን ጥያቄ ይዘው ይቁሙ።

2. ቀኑን ይምረጡ

ቀን የመምረጥ ነጻነት ካለዎት ከኤፕሪል 11 እስከ ሜይ 18፣ ወይም ከኦክቶበር 22 እስከ ኖቬምበር 22 ባለው ጊዜ ይሂዱ። ዩሜዶኖ በተባለው ባለ ስምንት ማዕዘን አዳራሽ ውስጥ ያለው ጉዜ ካኖን የተሰኘ ሐውልት (ካኖን በቡድሂዝም የርኅራኄ ቅዱስ ነው) ለሕዝብ የሚታየው በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ በሩ ዝግ ነው። ሁለቱም አየሩ መልካም የሚሆንባቸው ጊዜያት ናቸው፤ ጁላይና ኦገስት በሙቀቱና በእርጥበቱ ያደክማሉ፣ ሴፕቴምበር ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወር ነው።

ከፌብሩዋሪ 22 እስከ ኖቬምበር 3 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። በቀሩት ወራት በ10 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። በሩ ሲከፈት ይድረሱ። የትምህርት ቤት ተማሪዎች በአውቶቡስ የሚመጡት ረፋዱ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያዋን ሰዓት በጸጥታ ያገኛሉ። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ በምሰሶዎቹ ላይ ያለውን የመላጊያ ዱካ አጉልታ ታሳያለች፤ እኩለ ቀን ላይ ያ ሁሉ ይጠፋል።

3. መንገዱ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ማመልከቻው የሚቀርበው አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ነው። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ናሪታ ያደርሳል፤ ከዚያ በፈጣኑ ባቡር ወደ ኪዮቶ ወይም ወደ ኦሳካ መሄድ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሣ ሰው ግን በቀጥታ ኦሳካ አጠገብ ባለው የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ቢያርፍ ይሻለዋል፤ ብዙ መንገድ ያቀልለታል።

ከኦሳካ ቴኖጂ ጣቢያ ያማቶጂ በተባለው መስመር ፈጣኑን ባቡር ይያዙ፤ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሆርዩጂ ጣቢያ ይደርሳል። ከናራ ጣቢያ በዚያው መስመር አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ከኪዮቶ ለሚመጣ ሰው ናራ ላይ ባቡር መቀየር ይቀላል። ከጣቢያው እስከ ቤተ መቅደሱ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል፤ ትንሽ አውቶቡስም አለ። ሻንጣ ይዘው ከሆነ ናራ ወይም ቴኖጂ ጣቢያ ባሉት ሣጥኖች ውስጥ ቆልፈው ይምጡ።

በስልክዎ ካርታ ላይ ወይም በወረቀት ካርታ ላይ ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል የሚመስል ምልክት ቢያዩ እንዳይደነግጡ። በጃፓን ካርታዎች የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ምልክት ነው፤ ከህንድ የመጣ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ የመልካም ዕድል ምልክት ሲሆን አቅጣጫውም ናዚዎች ከተጠቀሙበት ተቃራኒ ነው። እዚያው ሆርዩጂ ውስጥ በዋናው አዳራሽ የላይኛ ደርብ አጥር ላይ ይኸው ቅርጽ ተበታትኖና ተቀጣጥሎ በእንጨት ተሠርቶ ያገኙታል።

4. የሚይዙትና የሚለብሱት

ግቢው በነጭ ጠጠር የተሸፈነ ስለሆነ ወፍራም ሶል ያለው ምቹ ጫማ ያድርጉ። ማሰሪያው በቀላሉ የሚፈታ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሳንቃ ወይም የሣር ምንጣፍ ያለባቸው አዳራሾች ደጃፍ ላይ ጫማ ይወለቃልና። ፓጎዳውና ዋናው አዳራሽ ባሉበት በምዕራቡ ቅጽር ያሉት ትልልቅ ሕንፃዎች የድንጋይና የአፈር ወለል ስላላቸው እዚያ በጫማ ይገባል። በብርዱ ወራት የአዳራሾቹ ውስጥ ከውጭ ይበርዳል፤ ወፍራም ካልሲ አይርሱ። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ከሁሉ በላይ ግን ትንሽ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ቢያገኙ ይዘው ይሂዱ። በጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው የአናጢዎች ሥራ የሚታየው በእሱ ነው።

የመግቢያው ዋጋ ከማርች 2025 ወዲህ ለአዋቂ 2,000 የን ሆኗል፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚከፍለው ግማሹን ነው። በጃፓን ቤተ መቅደሶች መመዘኛ ውድ ነው። አንዱ ቲኬት ግን ለምዕራቡ ቅጽር፣ ለቅርስ ማሳያው ዕቃ ቤትና ዩሜዶኖ ላለበት ለምሥራቁ ቅጽር ስለሚያገለግል እስከ መጨረሻው እንዳይጥሉት። በእንጨት ላይ የሚደረግ ጥገና ማብቂያ የለውም፤ ገንዘቡ የሚሄድበትን በዓይንዎ ያዩታል።

5. ስለ አምልኮውና ስለ ሥርዓቱ

ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት የሆነ አንባቢ «ስገድ እባላለሁን?» ብሎ ሊጨነቅ ይችላል። ማንም አያስገድድዎትም፣ ማንም አይታዘብዎትም። ኮፍያ ማውለቅ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ለሚጸልይ ሰው መንገድ መልቀቅ፣ ፊቱ ተደንቅሮ አለመቆም፤ የሚጠበቅብዎት ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ወይም በመስጊዳችን ደጃፍ ከማያምን እንግዳ የምንጠብቀውን ያንኑ እናድርግላቸው።

መድረኩን በእግርዎ አይርገጡ፤ ተሻግረውት ይግቡ። ለብዙ መቶ ዓመታት እግር የበላው እንጨት ስለሆነ መከበሩ ለዕድሜውም ጭምር ነው። ምሰሶዎችን አይደገፉ። ውጭ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ አዳራሾቹ ውስጥና በሐውልቶች ፊት ግን ክልክል ነው። ጃፓናውያን በሺንቶ፣ ማለት በአገራቸው ነባር እምነት፣ መቅደሶች ፊት እጃቸውን ሲያጨበጭቡ አይተው ከሆነ እዚህ እንዳያደርጉት፤ በቡድሃ ቤተ መቅደስ መዳፍ የሚገጣጠመው በጸጥታ ነው። ግቢው ውስጥ ሲጋራ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ለምን እንደሆነ ስለ እሳቱ ስናነሣ ይገባዎታል።

6. ከደቡብ በር እስከ መካከለኛው በር

ጥዶች ግራና ቀኝ የተሰለፉበት ረጅም መንገድ ወደ ደቡቡ ታላቅ በር ያደርስዎታል። ይህ በር ቀድሞ ተቃጥሎ በ1438 እንደገና የተሠራ ነው። በሌላ ቦታ ቢሆን ራሱ እንደ ጥንታዊ ቅርስ በተጎበኘ ነበር፤ እዚህ ግን ከወጣቶቹ አንዱ ነው። ጥቂት ቆመው የክፈፉን ወራጆች ይመልከቱ፤ ቀጥሎ ከሚያዩት ከጥንቱ ሥራ ጋር ያነጻጽሩታል።

በሩን አልፈው ሲገቡ ፊት ለፊት የመካከለኛው በር ይቆማል። በዚህ በር አይገባም፤ የጎብኚ መግቢያው በስተ ግራ፣ በምዕራብ በኩል ነው። ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት ግን ከበሩ ፊት ለፊት ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ።

መጀመሪያ፣ የበሩ መካከል ክፍት መሆን ሲገባው ምሰሶ ተተክሎበታል። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ የልዑል ሾቶኩ ዘሮች በግፍ ስለተገደሉ መንፈሳቸው እንዳይወጣ ነው የሚልም አለ፣ የተረጋገጠ ግን የለም። ሁለተኛ፣ ምሰሶዎቹ ከመካከላቸው ዝቅ ብሎ ወፈር ይላሉ፣ ወደ ላይ ደግሞ ይቀጥናሉ። ይህ ሆድ ያለው ቅርጽ ከጥንታዊ ግሪክ የመጣ ነው ብለው የጻፉ ነበሩ፤ ማስረጃ አልተገኘለትም። ሦስተኛ፣ በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለት ቁጡ ጠባቂዎች ከ711 ጀምሮ እዚያው ናቸው። የተሠሩት ከሸክላ ነው፤ በተለያየ ጊዜም ተጠግነዋል። በዝናብና በንፋስ አፍ ላይ ቆሞ ይህን ያህል ዘመን የኖረ የጭቃ ሥራ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ወርቅ ይበልጣል።

7. ፓጎዳውና ዋናው አዳራሽ

ከገቡ በኋላ ወዲያው ወደ አዳራሹ በር አይሩጡ። በጠጠሩ ላይ ወደ ደቡብ አፈግፍገው ሁለቱም ሕንፃዎች በአንድነት እስኪታዩ ድረስ ይራቁ። በስተ ግራ ባለ አምስት ደርቡ ፓጎዳ፣ በስተ ቀኝ ኮንዶ የሚባለው ዋና አዳራሽ ነው። አንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ሌላው ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ ሚዛናቸውን ጠብቀው ጎን ለጎን መቆማቸው በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። ቀደም ባሉት ቤተ መቅደሶች ፓጎዳና አዳራሽ በአንድ መስመር ፊትና ኋላ ይሰለፉ ነበር፤ የተቃጠለውም እንደዚያ ነበር።

አሁን ጣሪያዎቹን ይቁጠሩ። የፓጎዳው ስድስት፣ የአዳራሹ ሦስት ይመጣልዎታል። ከታች ያለው ጠባቡ ጣሪያ በኋላ ዘመን የተጨመረ መከለያ ነው። እሱን በሐሳብዎ አንሥተው ቢያዩት የመጀመሪያው መልክ ይወጣል፤ የላይኛው የፓጎዳው ጣሪያ ስፋቱ የታችኛውን ግማሽ ያህላል። ሕንፃው ከቁመቱ በላይ ረጅም መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው።

ከዚያ ቀረብ ብለው መነጽርዎን ወደ ክፈፉ ሥር ያንሡ። ጣሪያው ከግድግዳው ብዙ ርቆ ወጥቷል፤ ዝናብ የበዛበት አገር ስለሆነ ግድግዳውንና የምሰሶውን ሥር ከውኃ የሚጠብቀው ይህ ነው። ያንን ከባድ የሸክላ ጣሪያ የሚሸከሙት ደመና የሚመስል ቅርጽ የወጣላቸው ክንዶች ናቸው። ይህ የደመና ቅርጽ የሚገኘው በሆርዩጂና በአካባቢው ባሉ ጥቂት ሕንፃዎች ብቻ ነው። በኮንዶ የላይኛ ጣሪያ ማዕዘኖች ዘንዶ የተጠመጠመባቸው ምሰሶዎች ያያሉ፤ እነሱ በኋለኛው ዘመን የተጨመሩ ናቸው። የጣሪያው ማዕዘን ከክብደቱ የተነሣ ዝቅ ማለት ስለጀመረ የተደረጉ ድጋፎች ናቸው። ጌጥ ብለው እንዳያልፏቸው፤ የጥገና ታሪክ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ምሰሶዎቹን በቅርብ ይመልከቱ፤ አይንኩ። እንጨቱ ሂኖኪ ይባላል። ከሀገራችን ጥድ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ያለ ዛፍ ነው፤ መዓዛውም ቁርጡ ያደርገዋል። ጃፓናውያን የእንጨት ተመራማሪዎች ሂኖኪ ከተቆረጠ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ጥንካሬው እየጨመረ እንደሚሄድ፣ ከዚያም በጣም በዝግታ እንደሚቀንስ ደርሰውበታል። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ እንጨትን በቁመቱ የሚሰነጥቅ ትልቅ መጋዝ አልነበረም። ግንዱን በሽብልቅ ፈልጠው፣ በመጥረቢያ ጠርበው፣ የጦር ጫፍ በሚመስል መላጊያ ያለሰልሱት ነበር። ስለዚህ እንጨቱ የተከፈለው የራሱን ጭረት ተከትሎ ነው፤ ጭረቱ ስላልተቆረጠ ውኃም በቀላሉ አይገባውም። ሁለት ወራጆች ፈጽሞ እኩል ያልሆኑት፣ የምሰሶው ገጽ ላይ ረጃጅም ጎድጓዳ ዱካዎች ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በምሰሶዎቹ ሥር አካባቢ በልክ ተቆርጠው የገቡ አዳዲስ እንጨቶች ታገኛላችሁ ቢባል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። እኔ ግን ሆን ብለው እንዲፈልጓቸው እመክራለሁ። የበሰበሰውን ብቻ አውጥቶ፣ ጤናማውን ሳይነካ፣ ተመሳሳይ እንጨት በተመሳሳይ ጭረት መተካት ምሰሶውን ሙሉ በሙሉ ከመለወጥ የበለጠ ሙያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ1934 እስከ 1985 በዘለቀው ታላቅ ጥገና ሕንፃዎቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ተገጣጥመዋል። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት መካከል ለትውልድ ሆርዩጂን ሲጠግን ከኖረ ቤተሰብ የተወለዱት አናጢ ኒሺዮካ ትሱኔካዙ (1908–1995) ይገኙበታል። እነዚህ አናጢዎች ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት ትምህርት አለ፤ በተራራው ደቡብ በኩል የበቀለ ዛፍ በሕንፃው ደቡብ በኩል ይቁም፣ በሰሜን የበቀለውም በሰሜን ይሁን ይላል። ቅርንጫፍ የበዛበት፣ ጉጥ ያለበት የደቡብ ወገን ዛፍ ፀሐይ በሚመታው በኩል ይቆማል ማለት ነው። ጉጦቹን እየተከተሉ ሕንፃውን ቢዞሩ የትኛው ገጽ ወደ የት እንደሚያይ መለየት ይጀምራሉ።

«ያለ አንድ ሚስማር የተሠራ» የሚለውን ወሬ በየቦታው ይሰማሉ። እውነት አይደለም። ሕንፃዎቹ በእጅ የተቀጠቀጠ የብረት ሚስማር አላቸው፤ ብረቱ ጥሩ ስለነበር ከመቶ ዓመታት በኋላ ሲነቀል እንኳ የሚያገለግል ተገኝቶበታል። ዋናውን ኃይል የሚሸከመው መጋጠሚያው መሆኑ ግን እርግጥ ነው።

ፓጎዳው ላይ መውጣት አይቻልም፤ ከላይኞቹ ደርቦች ውስጥ የሰው ማረፊያ የለም። ደርቦቹ ቆብ በቆብ ላይ እንደመደረብ አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጡ ሲሆኑ መካከለኛው ምሰሶ ጣሪያዎቹን አይሸከምም፤ ከመሬት እስከ ጉልላቱ ድረስ ለብቻው ይቆማል። የምድር መናወጥ በበዛበት አገር ፓጎዳው ሳይወድቅ የኖረበት አንዱ ምክንያት ደርቦቹ በየራሳቸው መወዛወዝ መቻላቸው ነው። የምሰሶው ሥር ድሮ በምድር ውስጥ ጠልቆ የተተከለ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይም የቡድሃ ቅሪት የተቀመጠበት ነው። በ1926 ሲመረመር የተቀበረው ክፍል በስብሶ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ተገኘ፤ ሕንፃው ግን ቆሞ ነበር። በጉልላቱ ሥር በአራት አቅጣጫ የተሰኩትን ማጭዶች በመነጽር ይፈልጉ። መብረቅን ይከላከላሉ ተብሎ ይታመናል።

ደረጃውን ወጥተው በፓጎዳው አራት በሮች ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በ711 የተሠሩ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች አራት ታሪኮች ይተርካሉ። ጊዜ ቢያጥርዎት የሰሜኑን አይለፉ። ቡድሃ ተኝቶ ሲሞት ዙሪያውን የተቀመጡት ደቀ መዛሙርት አፋቸውን ከፍተው፣ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። ወደ ውስጥ ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ዓይንዎ እስኪለምድ ይታገሡ። የእጅ ባትሪ አያብሩ።

በኮንዶ ውስጥ ደግሞ ቶሪ የተባለው ቀራፂ በ623 የሠራው የነሐስ ሻካ ሦስትዮሽ፣ ማለት ቡድሃና ሁለት አጃቢዎቹ፣ አለ፤ የሾቶኩን መታሰቢያ የያዘ ነው። ፊታቸው ረዘም ያለ፣ ዓይናቸው የለውዝ ቅርጽ ያለው፣ ልብሳቸው በእኩል እጥፋት የሚወርድ ነው። አጠገቡ ያለው ያኩሺ የተባለው የፈውስ ቡድሃ ሐውልት ጀርባ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዮሜይ ስእለትና የ607 ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ መጀመሪያ ላይ የያዙት ታሪክ እዚህ ጋር ይገጥማል።

8. እሳቱን ያስታውሱ

በኮንዶ ግድግዳዎች ላይ የሚያዩት ሥዕል ቅጂ ነው። የጥንቱ ሥዕል ከመላው እስያ ታላላቅ የግድግዳ ሥዕሎች አንዱ ነበር። ከ1940 ጀምሮ ሠዓሊዎች እየገለበጡት ሳለ በጃንዋሪ 26 ቀን 1949 ማለዳ አዳራሹ ውስጥ እሳት ተነሣ። የላይኛው ደርብና ሐውልቶቹ ለጥገና አስቀድመው ወጥተው ስለነበር ዳኑ፤ ግድግዳዎቹና የታችኛው ምሰሶዎች ግን ተቃጠሉ። የከሰሉት ምሰሶዎችና ቀለማቸውን ያጡት ግድግዳዎች አልተጣሉም፤ እንደነበሩ ተገጣጥመው በግቢው ውስጥ በዕቃ ማስቀመጫ ሕንፃ ይጠበቃሉ። በመደበኛ ጉብኝት አይታዩም።

ከዚያ አደጋ በኋላ በ1950 ጃፓን የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣች። ጃንዋሪ 26 የቅርስ እሳት መከላከያ ቀን ሆነ፤ በየዓመቱም ሆርዩጂ ውስጥ የእሳት ማጥፋት ልምምድ ይደረጋል። የቆየ ሣንቃ፣ ሥዕልና መጻሕፍት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ለሚያስተዳድሩ የሀገራችን ሰዎች ከዚህ ስፍራ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገር ካለ ይህ ይመስለኛል። የውኃ መርጫዎቹ የት የት እንደተቀመጡ ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ።

9. ባለ ጣሪያው መተላለፊያ፣ ዕቃ ቤቱ፣ ዩሜዶኖ

ሁለቱን ሕንፃዎች የሚከብበው ባለ ጣሪያ መተላለፊያ ወደ ሰሜን ሲሄድ መታጠፊያ አለው። ድሮ ከዚያ ላይ ተዘግቶ ነበር፤ የትምህርት አዳራሹ በ925 ተቃጥሎ በ990 ሲሠራ ነው እንዲደርስበት የተረዘመው። ከመታጠፊያው በኋላ ምሰሶዎቹ ሆዳቸው እንደ ፊተኞቹ ጎልቶ አይታይም። ሦስት መቶ ዓመት የሚራራቁ አናጢዎች ሥራ በጥቂት እርምጃ መካከል ይገናኛል።

ከምዕራቡ ቅጽር ወጥተው ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ በ1998 የተሠራው ዕቃ ቤት ይገኛል። እዚያ ያለው ኩዳራ ካኖን ከአንድ ሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ ቀጭን የእንጨት ሐውልት ነው፤ በጎኑም ቆመው ይዩት፣ ከፊት የማይታየው የሰውነቱ ፍሰት ከጎን ይወጣል። ታማሙሺ የተባለው የእንጨት መቅደስ ጠርዞቹ በአንድ የሚያበራ ጥንዚዛ ክንፎች ያጌጡ ነበሩ፤ ክንፎቹ ዛሬ ጥቂት ቀርተዋል። በጎኑ ላይ ልብሱን ሰቅሎ፣ ከገደል ራሱን ወርውሮ፣ ለተራበች ነብር ሥጋውን የሰጠ ልዑል በአንድ ሥዕል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሥሏል። ክፉ ሕልምን ወደ መልካም ይለውጣል የሚባለው ዩሜቺጋይ ካኖንም እዚሁ ነው።

ምሥራቁ ቅጽር ለመድረስ በጭቃ ግንብ መካከል ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ ይከተሉ። ዩሜዶኖ በ739 የሾቶኩ ቤተ መንግሥት በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። በተመደበው ወቅት ከሄዱ በበሩ በኩል ጉዜ ካኖንን ያያሉ። ለብዙ ዘመናት መነኮሳቱ እንኳ ሳያዩት በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖሯል። በ1880ዎቹ አሜሪካዊው ፌኖሎሳና ጃፓናዊው ኦካኩራ መንግሥት ልኳቸው ሲመጡ መነኮሳቱ ከተከፈተ የምድር መናወጥ ይመጣል ብለው ፈርተው ነበር። በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ጨርቅ ሲፈታ ወርቁ ገና ያልደበዘዘ ሐውልት ወጣ። ወርቁ እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ መሸፈን የተነሣ ስለሆነ በዓመት የሚታይበት ጊዜ አጭር መሆኑን አልቃወምም።

ማስታወሻ ለሚፈልግ፣ ሾሪዮኢን በተባለው አዳራሽ መነኮሳት በብሩሽ የሚጽፉትንና በቀይ ማኅተም የሚያትሙትን ገጽ ማስጻፍ ይቻላል። የተለየ ደብተር ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሾቶኩ በ604 ካወጣው ባለ 17 አንቀጽ ሕግ የመጀመሪያው ቃል፣ ስምምነት የከበረ ነው የሚለው ነው።

10. ምሳና የቀረው ቀን

በጥዱ መንገድ ዳርና በአካባቢው ምግብ ቤቶች አሉ። ጾም ላይ ከሆኑ ልብ ይበሉ፤ ከአትክልት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሾርባና የሶባ (ፓስታ መሰል ምግብ) መረቅ አብዛኛውን ጊዜ በደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ዓሣ ለማይበላ ሰው ሩዝ በኡሜቦሺ (በጨው በቆየ ጎምዛዛ ፍሬ) ወይም በባሕር አትክልት የተጠቀለለውን ከጣቢያ ሱቅ ገዝቶ መያዝ ይሻላል። ሙስሊም አንባቢም እንዲሁ መረቁንና ሥጋውን ይጠይቅ።

ከዩሜዶኖ አጠገብ ቹጉጂ የተባለ የመነኮሳይያት ቤተ መቅደስ አለ፤ ለብቻው ይከፈላል። አዳራሹ ዘመናዊ ነው፤ ውስጡ ያለው አንድ እግሩን አጣጥፎ፣ ጣቱን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ የሚያስበው የእንጨት ሐውልት ግን በመላው ጉዞ ካየሁት ሁሉ የሚቀርበኝ ነው።

ጉልበት ካለዎት ወደ ሰሜን ምሥራቅ በእርሻዎች መካከል ይራመዱ። መጀመሪያ ሆሪንጂ ይመጣል፤ ፓጎዳው በ1944 በመብረቅ ተቃጥሎ በ1975 እንደገና ሲሠራ የሥራው አለቃ ከላይ የጠቀስኳቸው ኒሺዮካ ነበሩ። ቀጥሎ ሆኪጂ ይገኛል፤ የ706 ባለ ሦስት ደርብ ፓጎዳ አለው። ከሆርዩጂ ጋር በ1993 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የጃፓን የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ሲሆን ብዙ ጎብኚ ግን አይደርስበትም። በእግር ከዩሜዶኖ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ የሚመለሰው አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ስለማይመጣ ከመነሣትዎ በፊት ሰዓቱን በሆርዩጂ ጣቢያ ጽፈው ይያዙ፤ ካልሆነ ወደ ጣቢያው በእግር ለመመለስ አንድ ሰዓት ያህል ይቆጥቡ።